«መድረክ አግኝታለች»

ይህን የምጽፈው ማንም ከስሶኝ አይደለም። ጥፋቴ በሪፖርታችን ውስጥ የሰፈረው እንደ ስኬት ነው።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና አስተምር ነበር። ከማማክራቸው የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አንዷ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኘው የከሚሴ ልጅ ነበረች፤ የመመረቂያ ጥናቷም በቦርከና ወንዝ ላይ ነበር። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ያልፋል። እዚያ የፋብሪካ ፍሳሽ በገባሮቹ በኩል ይቀላቀለዋል። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ፣ በበጋ የኦሮሞ፣ የአማራና የአፋር ከብት የሚሰማራበትን የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። የልጅቷ ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር፦ ላይ ከተለቀቀው ብረት ነክ ብክለት ምን ያህሉ በደለሉ ይቀራል? ምን ያህሉስ ታች ከብቱ ዘንድ ይደርሳል? ናሙናውን ወንዙን ተከትላ ራሷ ቀድታለች።

የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲቃረብ የዝግጅት ኮሚቴው አባል ነበርኩ። «ብዝኃነትና አካታችነት» የሚል ባነር አሠራን። እሷን የጋበዝኳት ግን ስለ ጥናቷ ሳይሆን ስለ «ተግዳሮቶቿ» እንድትናገር ነበር። የባህል ልብስ ለብሳ እንድትመጣና በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ እንድታቀርብም ጠየቅኳት።

«መምህር፣ ስለ ውሃውስ ትንሽ ብናገር?» አለችኝ።

«ቀኑ ለሱ አይደለም» አልኳት።

ተናገረች፤ ተጨበጨበላት፤ ፎቶ ተነሣን።

ትልቁ በደሌ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የትምህርት ክፍሉ የምርምር ሴሚናር ደረሰ። ከዞኑ የውሃ ባለሙያዎች ተጋብዘዋል፤ አቅራቢ የምመርጠው እኔ ነኝ። ስሟ ላይ ስደርስ «እሷ ባለፈው መድረክ አግኝታለች» ብዬ ተራውን ለሌላ ሰጠሁ። ስለ ችግሯ እንድታወራ የሰጠኋትን ደቂቃ ከጥናቷ ላይ ቀነስኩባት። ባለሙያዎቹም በገዛ ወንዛቸው ላይ የተሠራውን ጥናት ሳይሰሙ ተመለሱ።

«በቅንነት ነው» እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ። እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። የሕይወት ታሪኳ ከጭብጨባ በቀር ማንንም ምንም አይጠይቅም። የናሙናዋ ውጤት ግን ተማሪዎቻችንን ለተግባር ልምምድ የሚቀበሉ ፋብሪካዎችን ማስቀየሙ አይቀርም። ስለዚህ ልጅቷን አቅፌ ጥናቷን ገፋሁት። ሰውን አካተትኩ ብሎ ሐሳቡን ማስቀረት እንደሚቻል ያወቅሁት ከራሴ ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ 70 በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የላከው የ70/30 ምደባ ሲጀመር፣ የምህንድስና ክፍሎች በብዙ አዳዲስ ተማሪዎች ተሞልተው ነበር። ለሴቶች ዝቅ ብሎ የነበረው የመግቢያ ነጥብም ለብዙዎች በር ከፍቷል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ማን ስለ ምን ይናገር የሚለውን የሚወስነው ሚኒስቴር አይደለም፤ ስም ዝርዝር የያዘ እንደኔ ያለ መምህር ነው። በዞኑ በአፋን ኦሮሞ ተምራ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ያሰላች፣ ከጓደኞቿ ጋር በአማርኛ የተከራከረች ልጅ እኔ ዘንድ ስትደርስ ለሰላምታ ብቻ ተፈለገች።

በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ግድ የለም፣ መምህር» አለችኝ። ግድ ነበረው። ጥናቱን በስሟ ለዞኑ ባለሙያዎች የላክሁት ከተመረቀች በኋላ ነው። ለዚያ ደግሞ መድረክም፣ ባነርም፣ የሴቶች ቀንም አላስፈለገኝም፤ አንድ ደብዳቤ በቂ ነበር፤ ያኔም እጄ ላይ ነበር።