በጥር የሚወጣው በጀት

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ገብቶ «ለአየር ንብረት ለውጥ ስንት ብር ያዛችሁ?» የሚል ሰው ብዙ መልስ አያገኝም። ከክልል ለወረዳ የሚወርደው ጥቅል በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ ጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ተከፍለው የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኔ ግን ትልቅ በጀት አለ ባይ ነኝ። የሚወጣው ጥር ላይ ነው፤ በብር አይቆጠርም እንጂ።

አዝመራው ጎተራ ገብቶ ሰው ወገቡን ላሳርፍ ሲል የተፋሰስ ሥራ ዘመቻው ጥሪ ይመጣል። ጃቢ ጠህናን፣ ደምበጫ፣ ቋሪት፣ ወንበርማ፣ ሁሉም ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ቦረቦሩ በድንጋይ ይታሰራል፣ የወል መሬቱ ከከብት ይከለላል። ሥራው ከንቱ አይደለም፤ እርከን የያዘውን አፈር በዓይኑ ያየ ሰው አይክድም። እኔን የሚከነክነኝ የጉልበት መዋጮው አቅም ሳይታይ በሰው ቁጥር መሆኑ ነው። አራት ጎረምሳ ያደረሰና ጥማድ በሬ ያለው አባወራ ሲወጣ፣ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ የምታሳርስ እማወራም እኩል ትወጣለች። ላረጀና ለታመመ ይታለፋል። ለድሃ አይታለፍም።

ወሎና ዋግ ላይ ይኸው እርከን ይከፈልበታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ በተፋሰስ ሥራ ሲውል እህል ወይም ጥሬ ብር ያገኛል፤ መሥራት የማይችለው ደግሞ ሳይሠራ ይደገፋል። ቅናት አይደለም፤ እዚያ ክፍያው ረሃብ መመከቻ ነው። የእኛ ጎጃም ግን ትርፍ አምራች ስለሚባል አብዛኛው ወረዳ ከዚያ ውጭ ቀረ። ትርፍ አምራች ወረዳ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ትርፍ አምራች ነው ያለው ማነው?

የውጭውም ገንዘብ መንገዱ ያው ነው። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አወጣ፣ ገንዘቡንም የሚቀበል ፈንድ አቋቋመ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈቀደልን፤ የተመደበው ድርቅ ለሚያጠቃቸው 22 ወረዳዎች ነው። ለድርቅ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው። ነገር ግን ጎጃም ላይ አየሩ የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፦ ዝናቡ ሲዘገይ፣ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ቀን አፈሩን ጠርጎ ሲሄድ፣ በረዶው በቆሎውን ሲቀጠቅጠው።

ያ አፈር የት ነው የሚሄደው? ላህም፣ ብርም፣ ፈጣምም መጨረሻቸው ዓባይ ነው፤ ምንጩም ሰከላ ላይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደለል እንዳይሞላው ከላይ ሆኖ ድንጋይ የሚደረድረው ይህ ያልተከፈለው ገበሬ ነው። ቦንዱንም ገዝቷል። ማታ ግን ብዙው ቤት ጨለማ ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ። ድሮ ሣር ክዳን ነበር። አሁን የግጦሹ መሬት ታርሶ ሣሩ ስለጠፋ ያለው ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ዞሯል። ቆርቆሮ እሳት ይከላከላል፣ ክብርም አለው፤ ግን ኮርኒስ ከሌለው ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ደጋው ላይ፣ ሰከላ አካባቢ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መስኮቱ ለብርድ ሲባል ይደፈናል፤ ያኔ የምድጃው ጭስ መውጫ ያጣል። ዓይኗ የሚያለቅሰው ደግሞ የምትጋግረዋ ናት።

አሜሪካኖች የድሃ ቤተሰብ ቤት ብርድና ሙቀት እንዳያስገባ ማሻሻያ ከመንግሥት ካዝና የሚሰጥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አላቸው። ገንዘቡ ከፌዴራል ይወጣል፣ ሥራውን የአካባቢ ድርጅቶች ይሠሩታል። እኛ ጋ ቤት በአየር ንብረት ዕቅድ ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም። ሪፖርቱ ሄክታር ይቆጥራል፣ ችግኝ ይቆጥራል። የአንዲት ባልቴት ግድግዳ ተመርጎ ብርድ መከልከሉ በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?

ውድ ነገር አልጠየቅሁም። «ምርት» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ እዚሁ አገር የተሠራ ነው፤ በሲሚንቶና በአሸዋ ይመረታል፣ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ግድግዳ መምረጉ ጭቃ፣ ጭድና ጉልበት ነው። ጉልበቱ ደግሞ ጥር ላይ ተሰብስቦ ቆሟል። ከዘመቻው ቀናት ጥቂቱ ወደ አቅመ ደካሞች ቤት ይዙር፤ ወረዳው ሲሚንቶውን ብቻ ይቻል። ቤት በደቦ መሥራት ለጎጃሜ አዲስ አይደለም፤ የጎደለው በጀት መዝገብ ላይ መጻፉ ነው።

አውቃለሁ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ላይ ነን። ሰው እየሞተ ስለ ምድጃ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። መንገድ ሲዘጋና ፕሮጀክት ሲቆም ግን የሚቀረው የራስ ቤት ነው፣ ሌሊቱም እዚያው ነው የሚነጋው።

«ማን ይመርጣል? ዘመድ ለዘመድ ይሆናል» የሚል እንደሚመጣ እጠብቃለሁ፣ እውነትም አለው። ስለዚህ ዝርዝሩ ከቀበሌ አመራር እጅ ይውጣ። የእድሩ ጸሐፊ ይጻፈው፣ በእድሩ ስብሰባ ላይም ጮክ ብሎ ይነበብ፤ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።