ዘመድ የሌለበት ከተማ

«የጫጉላ ሽርሽር» የሚለውን ሐረግ የፈጠረውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን፣ የተኳረፉ ቃላት በአንድ ሐረግ ውስጥ ተቃቅፈው እንዴት እንደሚኖሩ ለማስረዳት ሁልጊዜ የምጠራው ይህንኑ ነበር። ጫጉላ ሙሽሮች ከሰው ተከልለው የሚሰነብቱበት ጎጆ ነው። ሽርሽር ደግሞ ከቤት ወጥቶ ዞር ዞር ማለት። እናላችሁ የጫጉላ ሽርሽር ማለት፣ ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ «ከቤት ያለመውጣት ጉዞ» እንደማለት ነው። ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። ፈተና ላይ ግን አይመልሱትም።

ሐረጉ ስለኛ አንድ እውነት ይናገራል። አባቶቻችን ለፍቅር ያዘጋጁት ጎጆ እንጂ መንገድ አይደለም። መንገድ በምክንያት ነው። ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ንግሥ አለ፣ ጠበል፣ ሕክምና፣ የውርስ ክርክር አለ። አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ይዛችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ቢያገኛችሁ «ወዴት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምነው፣ በደህና ነው?» ነው የሚለው። «በደህና ነው፣ እንዲሁ ከባለቤቴ ጋር ዞር ዞር ልንል ነው» በሉትና ፊቱን እዩት። የደበቁኝ ነገርማ አለ ይላል በሆዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንኳ አስቡት። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ አብረው አንድ ቀን መንገድ አልሄዱም። እሱ ቀድሞ ሄደ፤ እሷ መነኩሴ መስላ ተከተለችው፤ ስትደርስበት ሊሞት ነው። በ1958 ከታተመ ጀምሮ አገሩን ሁሉ ያስለቀሰው የፍቅር መጽሐፋችን ሳይቀር መንገዱ የብቻ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ነገር አይደለም። እኔና ባለቤቴ ጥር 13 ቀን 1993፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ እሁድ ቀን ተጋባን። ዘንድሮ ጥር 13 ላይ ሃያ አምስት ዓመት ይሞላናል። የብር ኢዮቤልዩ ይባላል አሉ። እኛ ቤት ብር ሲባል ትዝ የሚለን የትምህርት ቤት ክፍያ ስለሆነ ነገሩን ያስታወሰችን ቨርጂኒያ ያለችው ልጃችን ናት። «አባዬ፣ ቦታውን እናንተ ምረጡ፣ ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፤ ግን ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ የምትሄዱት» አለች። መምረጥ ነው እንግዲህ የቀረን። ምን ያህል ፈጀ? ሁለት ወር ከምናምን።

መጀመሪያ የመጣችው ዱባይ ናት። ዱባይን ማንም አይመርጣትም፣ ራሷ ነው የምትመጣው። ጎረቤት ሄዷል፣ የዕድራችን ሰብሳቢ ሄደዋል፣ ልጄም በሆዷ እሷኑ አስባ እንደነበር አውቃለሁ። ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «የወንድሜ ልጅ እዚያ ሰው ቤት እየሠራች፣ እኔ ሆቴል ላድር?» አለች። ልጅቷ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ሄደን ካላየናት ነውር ነው። ልናያት ብንል ደግሞ አሠሪዎቿ ሲፈቅዱ ነው፤ ስትወጣም ለእናቴ አድርሱልኝ የምትለው ዕቃ አለ፤ እኛም ከዚህ በርበሬና ሽሮ ተሸክመን መሄዳችን ነው። «ይኼ ዘመድ ጥየቃ ነው እንጂ ምኑ ጉዞ ሆነ?» አለችና ዱባይን ከልብሱ ጋር አጥፋ አስቀመጠቻት።

የዚያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥቼ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አብረን ከአዲስ አበባ የወጣንበትን ቆጠርኩ። የመምህር ልማድ ነው፣ ቆጥሬ ካልጻፍኩት አይገባኝም። ለቅሶ አሥራ አራት፣ ሰርግ ዘጠኝ፣ ምርቃት ሦስት፣ ጠበል አንድ። ያለ ምክንያት፦ ባዶ። የጫጉላ ሽርሽራችን ሶደሬ ነበር፣ ሁለት ሌሊት። እሱ አይቆጠርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ሚዜዎችና የባለቤቴ የአክስት ልጅ አብረውን ነበሩ እኮ! ፍል ውኃው መልካም ነበር፣ ጦጣዎቹ ዳቦ ነጠቁን፣ ሚዜዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ካርታ ሲጫወቱ አደሩ። በመምህር ደሞዝ ከዚያ በኋላ ሌላ አልተሞከረም። ሃያኛ ዓመታችንን ላሊበላ ልናከብር አስበን ነበር። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ጥቅምት 2013 ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። ሰው ልጁን በሚቀብርበት ጊዜ የምን ሃያኛ ዓመት ነው ብለን ቤታችን አንድ ጧፍ አብርተን ተኛን።

ቆጠራውን ለባለቤቴ አሳየኋት። አነበበችውና «እንዲያውም አንድ ለቅሶ ረስተሃል» አለች። ቀጥላም ደንቡን አወጣች። የምንሄድበት ከተማ ዘመድ የሌለን ከተማ መሆን አለበት። «መጣችሁ ሳትጠይቁኝ ሄዳችሁ» ብሎ የሚቀየም ሰው የሌለበት።

ይሞክሩት እስቲ። የኢትዮጵያን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ዘመድ፣ አበልጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የቀድሞ ተማሪ የሌለበት ከተማ ይፈልጉ።

ባሕር ዳር የእኔ አክስት አሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ሄጄ እሳቸው ቤት ሳላድር ጣና ዳር ሆቴል መያዜን ቢሰሙ እርግማናቸው ጎርጎራ ድረስ ይከተለኛል። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ደስ ይላል፤ የጥምቀት በዓል በ2012 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ግን የክርስትና ልጃችን ጎንደር ናት። ደግሞም ከ2015 ክረምት ወዲህ ከመጣው ግጭት በኋላ በዚያ በኩል ስለ ሽርሽር ለማውራት አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። ሀዋሳ የባለቤቴ የቀድሞ አለቃ ጡረታ ወጥተው ሐይቁ ዳር ቤት ሠርተዋል፣ ጧት ጧት ደግሞ እዚያው ይራመዳሉ። ጅማ ለእኔ የማትሆን ናት፤ ካፌ በገባሁ ቁጥር «መምህር!» ብሎ የሚነሣ አይጠፋም። ሒሳቡን ይከፍሉልኛል፣ እውነት ነው። ግን ለሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። ላንጋኖ ማንም የለንም። ሆኖም ወሩ ጥር ነው። በጥር ላንጋኖ ሙሽራ በሙሽራ ነው፤ ቬሎ፣ ካሜራ፣ ክላክስ። ሃምሳ ዓመት አልፎን በሙሽሮች መካከል በዋና ልብስ መቆም ጀግንነት ይጠይቃል።

ድሬዳዋን ለመጨረሻ ነበር ያቆየሁት፣ በደስታ ታለቅሳለች ብዬ። ባለቤቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። በ1895 ሐዲዱ ሲደርስ በተቆረቆረችው ከተማ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ነው ያደገችው። በ2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከለቡ ተነሥቶ እዚያው ያደርሰናል፤ ለገሃር ባይሆንም ባቡር ባቡር ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼ ጨረስኩ። ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እዚያማ ከሄድኩ ከባቡር ስወርድ አክስቴ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንዷ ቤት ምሳ ከበላሁ ሌላዋ ቤት እራት ነው። የአባቴ መቃብር አለ። አንተ ሳሎን ተቀምጠህ ከአጎቶቼ ጋር ስለ ድሮው ባቡር ታወራለህ፤ እኔ በዚያ ሙቀት ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። እሄዳለሁ፣ ለምን አልሄድም? ግን ያንን ከኢዮቤልዩው ጋር አትቀላቅልብኝ።»

ሐረርም በዚሁ ቀረች። ጀጎልን አይተን አናውቅም፣ በግንቡ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች አብረን መጥፋት አምሮኝ ነበር። ነገር ግን አውሮፕላኑም ባቡሩም የሚያወርደው ድሬዳዋ ነው፤ የድሬ ሰው ደግሞ አይሸወድም።

እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው። ከባዱን ያመጣችው እሷ ናት፣ አንድ ምሽት ዜና እያየን። ታናሹ ልጃችን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቤቱ ለሁለታችን ቀርቷል። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀነሰችና «ማንም የማያውቀን አገር ከሄድን… አራት ቀን ሙሉ ምን እናወራለን?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

እውነት ለመናገር ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት አለ፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የሌለው። ሃያ አምስት ዓመት ጋብቻችን ትልቅ መሥሪያ ቤት ሆኖ ኖሯል። የልጆች ትምህርት ክፍል አለው፣ የዕድርና የዕቁብ ክፍል አለው፣ የዘመድ ጉዳይ ክፍል አለው፣ የውኃና የመብራት ክፍል አለው። ስንነጋገር የዋልነው የሥራ ንግግር ነው። «ከፈልክ?» «ደወልሽ?» «ተኛ?» ልጆቹ ሲወጡ ትልልቆቹ ክፍሎች ተዘጉ፣ ሁለት ሠራተኞች ባዶ ኮሪደር ላይ ቆመን ቀረን። የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፣ ጨዋ ሰዎች፣ ተጣልተው የማያውቁ። ለሠላሳኛ ዓመታቸው አምስት ቀን ሆቴል ያዙ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ምነው ስንላቸው «ዕድር አለብን» አሉ። ዕድራቸው የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው፤ እነሱ የመጡት ሐሙስ ነበር። ስቀንባቸው ነበር ያኔ።

አሁን ሳስበው ዘመድ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሚዜ ማስከተል ሁሉ ባህል ብቻ አይመስለኝም። አንዳንዱ መሸሸጊያም ነው። በሁለት ሰው መካከል ሦስተኛ ሰው ከተቀመጠ ዝምታው አይሰማም። እናም የቦታ ምርጫ እያልን ሁለት ወር የተከራከርነው ስለ ቦታ አልነበረም መሰለኝ። ለጥያቄዋ መልስ አልሰጠኋትም። መልሱ ሄዶ የሚታይ ነው፣ ስለዚህ ምርጫው ይፍጠን አልኩ።

አርባ ምንጭን ያመጣው ጋቢ ነው። ጥር ሲደርስ የሰርጋችንን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ዘንድሮ ቀድማ አወጣችው። እኔ ጋቢው፣ እሷ ቀሚሱ፣ ሁለቱም ሽሮ ሜዳ ያሠራናቸው ናቸው፤ የሸመኑት የዶርዜ ሰው ናቸው። ጠርዙን እየዳሰሰች «እነዚህ ሰዎች አገራቸው የት ነው?» አለች። ጨንቻ ተራራው ላይ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ። ማን አለን እዚያ? ተያየን። ማንም!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። አውሮፕላን አለ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሰው በመኪና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አይቀጣም። ከተማዋ ከፍ ካለው ሰፈሯ ሁለት ሐይቅ ታሳያለች፦ አባያ ደፍረስ ያለ ቡናማ፣ ጫሞ ጠራ ያለ ሰማያዊ። በመካከላቸው ያለውን የመሬት ድልድል ሰዉ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ አዞ ማየት አለ፤ እሷ ከሩቁ ትበቃኛለች ብላለች። እኔ ደግሞ ያንን አገር የወደድኩት መስከረም 2011 ነው። ቡራዩ ላይ ወገኖቹ የተገደሉበት ወጣት ለበቀል ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው መለሱት። ያ ምስል ከዓይኔ አልጠፋም። እነዚያ ሰዎች የሚኖሩበትን አየር አንድ ጊዜ መተንፈስ እፈልጋለሁ።

እሷን የማረካት ግን የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ፣ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር መስሎ ሲሠራ አሥር ሜትር ያልፋል። ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል። ሲበላው የተበላውን ይቆርጡና ቤቱን እንደገና ያቆሙታል፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ዓመት በሄደ ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ እንደዚያ ሆኖ የሰው ዕድሜ ይቆያል። ይህን ስነግራት «ወደ መጨረሻው እየጎበጡ ነዋ የሚገቡት?» ብላ ሳቀች። በዚህ ዓመት እንደዚያ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች፣ ለማንም እንዳልናገር። ይኸው ጋዜጣ ላይ ጻፍኩት። ስለዚህ አርባ ምንጭ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዩኒቨርሲቲውም ስላለ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፣ ሐይቅ ዳር ጋቢ የለበሰ ሽበታም ብታዩ እባካችሁ በሩቁ እለፉ። የሆቴሉን ስም አልናገርም።

ትናንት ማታ የቀረን የምሳው ጉዳይ ነበር። ጥር 13 ዘንድሮ ረቡዕ ይውላል። ረቡዕ ጾም ነው፤ ለኢዮቤልዩ ዶሮ የለም። የጫሞ አሳ አለ አልኳት። አሳ ጾም አይደለም አለች። የእኔ እናት በጾም አሳ ይበሉ ነበር አልኩ። የእሷ አባት ድሬዳዋ ሆነው፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ አሳ በር ላይ እየተሸጠ፣ ረቡዕ አንድም ቀን ቀምሰው እንደማያውቁ ነገረችኝ። ይህን ስለ አባቷ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከጅቡቲ እስኪደርስ እንዴት አይበላሽም ብዬ ጠየቅኩ፤ ስለ በረዶው ነገረችኝ፣ ስለ ሻጩ ሰውዬ ነገረችኝ፣ ስለ ሻጩ ሰውዬ ድመት ነገረችኝ። ስንጨርስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። የአሳው ነገር ገና አልተወሰነም።