የላዳዬ ሚኒሞ

ቃሊቲ መብራት ላይ ቆማ የምታጓራ አሮጌ ላዳ ካያችሁ የእኔ ናት። ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞዋ ሰማይ ይነካል። ሰሞኑን አጠገቤ የቆመ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ስፖርት መኪና ናት እንዴ?» ሲለኝ ድሮ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ላዳ ከስፖርት መኪና ጋር ትዛመዳለች ይባል ነበር።

አጣራሁ፤ ትዛመዳለች። ላዳ የተቀዳችው ከፊያት 124 ነው። ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥታ በዓመቱ የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተባለች። በዚያው በ1966 ጣራዋ የሚከፈተው እህቷ 124 ስፓይደር ቱሪን ላይ ታየች። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተከሉና በ1970 ማምረት ጀመሩ። የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ተኩ፣ ሞተሩንም ለወጡ። ስለዚህ በሞተር በኩል ዝምድናው ሩቅ ነው።

በካርቡሬተር በኩል ግን ሥጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ካርቡሬተር በጣሊያኑ ዌበር ፈቃድ የተሠራ ነበር፤ ያው በፌራሪና በማዜራቲ ላይ የነገሠው ዌበር። ኤዶአርዶ ዌበር በ1923 ቦሎኛ ላይ ሥራውን ሲጀምር ዓላማው በቤንዚን ውድነት ለተማረሩ የፊያት ባለቤቶች ነዳጅ መቆጠብ ነበር ይባላል። ሰውየው ራሱ በ1945 ጦርነቱ ባለቀ ሰሞን ደብዛው ጠፋ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ለቁጠባ የተፈጠረ ዕቃ ማደያ ለማደያ ማንከራተቱ ነው።

አሁን ወደ ቂሜ ልግባ። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር መካኒኩ ሳያዳምጥ ካቻቪቴ ይመዛል። የሚኒሞዋን ማስተካከያ ብሎን እየጠመዘዘ «የከፍታው ጉዳይ ነው ጋሼ፤ የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው» ይለኛል። ስስ መሆኑስ እውነት ነው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ግን አየር ሲያንስ ቤንዚን ይበዛል፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ደግሞ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል እንጂ አያጓራም። እንጦጦ ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ አቃቂ ሲደርስ ጥቂት ከፍ ቢል አልከራከርም። የኔዋ ግን እንጦጦን አይታ አታውቅም!

በእኔ እምነት ብሎኗ ያለ ኃጢአቷ ነው የምትጠመዘዘው። ሚኒሞ ከፍ ሲል ወይ ቾኩ አልመለስ ብሏል፣ ወይ የነዳጅ መስጫው ዘንግ ተይዟል፣ ወይ ከካርቡሬተሩ ሥር አየር ይሾልካል። የኔን ያገኘው አንድ የአቃቂ ልጅ ነው። በሲሪንጅ ውሃ ቀድቶ በካርቡሬተሩ እግር ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረገ። አንደኛው ጥግ ላይ ውሃው ወደ ውስጥ ተሳበና ጩኸቷ ረገበ፤ ውሃው ሲያልቅ እንደገና አጓራች። ለዓመታት ከልክ በላይ ሲጠብቅ የኖረው እግር ጎብጦ ኖሯል። ፈታው፤ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት እያሸ አስተካከለው፤ በአዲስ ጋስኬት ገጠመው። ብሎኗን የነካት በመጨረሻ ነው፤ ያውም የቀደሙት ያጠመሙትን ለመመለስ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪኮቹ ደግሞ ሚኒሞ የሚባል ጣጣ የለባቸውም። እኛ ግን ያለንን ማኖር አለብን። ባለላዳዎች ሆይ፣ ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ መካኒኩን ካቻቪቴውን ቀሙት፤ ሲሪንጅ አቀብሉት።