በባትሪ ብስክሌት ወደ ወረታ

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 2015 ዓ.ም. ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በብስክሌት ሄድን። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጓደኛችን እናት የደም ግፊት ክኒናቸው አልቆባቸዋል። ወረታ ፈልገው አጡ። እኛ ገዝተን ያዝን።

ሁለት ነን። አንዱ ብስክሌት ተራ ነው። ሁለተኛው ባትሪና ትንሽ ሞተር አለው። ፔዳሉን ስትረግጡ ሞተሩ ያግዛችኋል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። አሮጌውን ማለታችን ነው፤ አዲሱ የተመረቀው በ2016 ዓ.ም. ነው። ቸኩለናል። ሞተሩን በሙሉ ኃይሉ ነዳነው። ዳገት ሲመጣ በተራው ብስክሌት ያለው የሌላውን ትከሻ ይይዛል። አንድ ሞተር ሁለት ሰው ጎተተ። ደስ ይል ነበር! ሐሙሲትን እንዲሁ አለፍን።

ጉማራ ወንዝ ስንደርስ ባትሪው አለቀ።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይታጨዳል። አንድ አባት ማጭዳቸውን ይዘው መጡ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

ነገርናቸው።

«እቤት ፀሐይ አለኝ፤ ኑና ሙሉ» አሉን።

ፀሐይ ያሉት ጣሪያቸው ላይ ያለውን ትንሽ ሰሌዳ ነው። ቀን ከፀሐይ ኮረንቲ ይሠራል። ማታ አምፖል ያበራል፣ ስልክም ይሞላል። ለብስክሌት ግን አይበቃም። የስልክ ባትሪ ስኒ ቢሆን፣ የብስክሌት ባትሪ እንስራ ነው። አንዱ የብስክሌት ባትሪ 30 ያህል ስልክ ይሞላል።

ይህን ስንነግራቸው ሳቁ። «ኧረ ይኼስ ሆዳም ነው!» አሉ። ውኃ አጠጡን።

ምን ይደረግ? ክኒኑን የያዘው በተራው ብስክሌት ቀደመ። ሌላው ባለ ባትሪውን በእግሩ እየረገጠ ተከተለ። ያገዘን ሞተር አሁን ሸክም ሆነ። ደግነቱ አገሩ ሜዳ ነው።

ክኒኑ 4 ሰዓት ላይ ደረሰ። ሁለተኛው ሰው 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ላብ በላብ ሆኖ ገባ። እናታችን መድኃኒታቸውን ውጠው ቡና ይቆላሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዞረኝ ነበር» አሉን። ምሳ ሳንበላ አንነሣም።

ባትሪውን 4 ሰዓት ያህል ኮረንቲ ላይ ሰክተን ሞላነው። ሙሉ ለሙሉ ግን አልሞላም። 9 ሰዓት ተነሣን። አሁን ሞተሩን በትንሹ ኃይል አደረግነው። ትከሻ መያዝም ቀረ። እሱስ አደገኛም ነው፤ ከኋላ መኪና ይመጣል።

ጉማራ ላይ አባትየው ነዶ ተሸክመው አየናቸው።

«ሆዳሙ ጠገበ?» ብለው ጮኹ።

«በግማሽ ሆዱ ነው አባባ!» አልናቸው።

ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶን ነበር። ከባትሪው አምስት መስመር አንዱ ብቻ ይበራል።