ሰሌዳው ያለበት እስር ቤት

የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ስገባ ያሰብኩት ቤተ መንግሥቱንና የቶንሌ ሳፕና የሜኮንግ ወንዞች የሚገናኙበትን ዳርቻ ማየት ነበር። አየሁ፤ ውበታቸውም ማረከኝ። በማግስቱ ግን ቱኦል ስሌንግ ወደሚባለው ሙዚየም ሄድኩ።

ግቢው ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። አስተማሪ ነኝና ክፍሎቹን ሳይ የማስተምርባቸው መሰሉኝ። በአንዳንዶቹ ግን በተማሪ መቀመጫ ፋንታ የብረት አልጋና የእግር ብረት አለ። ከ1975 እስከ 1979 (እ.ኤ.አ.) አገሪቱን የገዛው ክመር ሩዥ ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎችን እዚህ አሰረ፤ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። የእስር ቤቱ አዛዥ ዱክ፣ ወዳጆቼ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር! ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቻም የሚባሉት ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም በዚያ ዘመን ሶላት ተከለከሉ፤ ቁርኣናቸው ተቃጠለ፤ የአሳማ ሥጋ እንዲበሉ ተገደዱ። በ2018 ፍርድ ቤት ከመሪዎቹ አንዱን፣ ኑዎን ቺያን፣ በቻሞች ላይ በተፈጸመ የዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎታል።

ከዚያ ወጥቼ በ2015 እንደ አዲስ ተሠርቶ ወደተከፈተው አል ሰርካል መስጂድ አመራሁ። ከቻሞች ጋር በአንድ ሶፍ ቆሜ ሰገድኩ። አልሐምዱ ሊላህ፣ አዛኑ አልጠፋም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ ነበር። መድረሳ ሳለሁ ይህን ዱዓ በቃሌ አጠናሁት፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ፕኖም ፔን ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ሒሳብ ይማሩ፤ አላህን መፍራትም አብረው ይማሩ።