ቅጠሉና መጠኑ

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት የልጃችን ዓይን ቢጫ ሆኖ አገኘነው። ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። ሐኪም ሳያየው ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ጨረሰ። አስመረመርነው። ጉበቱን የያዘው ቫይረስ መሆኑን፣ በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ፣ ዕረፍትና ፈሳሽ እንደሚያስፈልገው ነግረው አሰናበቱን። እናታችን ግን «መድኃኒት ሳይሰጡ ምን ሐኪም ነው?» አሉ። እኛ ትምህርት ቤት በዋልንበት ቀን ከገበያ ያስገዙትን የቅጠል ጭማቂ በሲኒ አጠጡት። ልጁ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ሻጩ የቅጠሉን ስም አልተናገረም፤ እናታችንም አልጠየቁም።

ውድ አንባቢያን፣ እናትን መቆጣት እንዴት ይቻላል! «እንግዲያው እውነተኛ አዋቂ ጠይቁ» ሲሉን እሺ አልን። ከተማሪዎቻችን አንዱ አያቱ ዳሞታ ላይ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ናቸውና ቅዳሜ አብረን ወጣን። ዳሞታ ከሶዶ በስተሰሜን ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል የሚመለከት ተራራ ነው። ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየያዘ፣ የእንሰቱንና የቡናውን ጓሮ አልፈን ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርድ ደረስን።

መድረሳ ያደግን ነንና አንድ ስጋት ነበረብን። ቅጠሉ የአላህ ፍጥረት ነው፤ የሚደገምበት ነገር ካለ ግን ወደ ሽርክ ይወስዳል። አዛውንቱን ይህንኑ በተማሪያችን አስተርጓሚነት ጠየቅናቸው። ሳቁ። «እኔ የምጨምርበት ውሃ ብቻ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ልጁስ የት አለ?» አሉን።

«ቤት ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለማን ልስጥ?»

ሳያዩት ቅጠል እንደማይሰጡ ነገሩን። ይበላል ወይ? ይጫወታል ወይ? እንቅልፍ አብዝቷል ወይ? ያስመለሰውስ ከመጠጣቱ በፊት ነው በኋላ? በኋላ መሆኑን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከበላና ከተጫወተ ተዉት። ቃል ከተምታታበት ወይም ደም ካስመለሰው ወደ እኔ አታምጡት፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።»

ከዚያ ጓሯቸውን አስጎበኙን። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ አለ። ከብዙው የእንሰት ዓይነት መካከል አንዱን ለይተው «ይህ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተቀቅሎ የሚበላ ነው» አሉን። ኮሶ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ትሉን ያስወጣል፣ ሲበዛ ግን ዓይን ያጠፋል። እንዶድን ስናይ እኛም የምናስተምረው ትዝ አለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር የተገኘው ከዚያ ነው። ያው እንዶድ ከመጠን በላይ ለጠጣው ሰው መርዝ ነው። በገበያ በሲኒ የሚሸጠውን ቅጠል ማን ለክቶት ይሆን?

ተማሪያችን ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። አያቱ አልከለከሉትም። መጠኑን ሲጠይቃቸው ግን የቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው «ይህ አይጻፍም፤ እየመጣህ እያየህ ትማረዋለህ» አሉት። መድረሳ ውስጥ ኪታብ ከሸይኽ ፊት ተቀምጦ ያልቀራ ሰው ቀራሁ እንደማይል አስታወሰን። ልጆቻቸው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጥተዋል። ለማን ሊያወርሱ እንደሚያስቡ ልንጠይቅ ፈለግን፤ አፍረን ተውነው።

ልጃችን በሦስተኛው ሳምንት አልሐምዱ ሊላህ ዓይኑ ነጻ። እናታችን እስከ ዛሬ የሲኒው ቅጠል ነው ይላሉ፤ እኛም አንከራከራቸውም። ተማሪያችን ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሩቅ አገር ሄዷል። ደብተሩን አደራ ብሎ ለእኛ ሰጥቶናል። አሥራ ሰባት የቅጠል ስም ተጽፎበታል፤ በየስሙ አንጻር የመጠኑ ቦታ ባዶ ነው።