ከይፋግ በታች ያለው ባሕርና ስብራት የሌላቸው ታንኳዎች

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ይፋግን ዛሬ የሚያልፋት መንገደኛ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ ነጋዴ የሚሰበሰብባት ስመ ጥር ገበያ እንደ ነበረች አይገምትም። እኛን ግን የሳበን ገበያው ሳይሆን፣ በስተ ምዕራብ ሜዳው እየዘቀጠ ከጣና ባሕር ጋራ የሚገናኝበት ዳርቻ ነው።

ይህንንም ያሳሰበን አንድ የባዕድ አገር ጨዋታ ነው። በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ የገበታ ጨዋታ ወጣ፤ ይኸውም ወዳጅ ዘመድ በገበታ ዙሪያ ተቀምጦ፣ አንዱ ተራኪ፣ ሌሎቹም ጀግኖች ሆነው፣ ዕጣ እየጣሉ ተረቱን በኅብረት የሚፈጥሩበት ነው። በዚህ ጨዋታ ጀግኖቹ ከሚገቡባቸው ስፍራዎች አንዱ መናፍስት የሰፈሩበት የተሰበረ መርከብ ነው። እንዲህ ያለው ስብራት በጣና ይገኝ ይሆን?

የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የሰጠመ መርከብ ቢኖር ኖሮ የሚሰወርበት ገደል የለም ማለት ነው። ነገር ግን የባሕሩ ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ከደንገል የተሠራ ነው። ነገደ ወይጦ የተባሉት የባሕሩ ሰዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ይሠሩታል፤ በውሃ ላይ ሲውል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል፤ በመጨረሻም ይበሰብሳል። እንግዲህ መንፈስ ቢኖር እንኳ የሚያድርበት አጥንት አይቀርለትም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር ሰፍረው ሳሉ፣ ከደንገል ታላላቅ ጀልባ አሠርተው፣ በላዩ የእንጨት ወለል አንጥፈው፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር እንዲገጠምለት አደረጉ፤ የእንፋሎት መርከብን ሥራ ለመምሰል ነው። ይህንንም የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ጽፎታል። እኛ በበኩላችን የጣናን ስብራት የሚሻ ተራኪ ይህን ጀልባ እንዲመርጥ እንወዳለን፤ ከማንም የባዕድ መርከብ ይበልጣልና።

መናፍስቱ ግን ቤት አጡ ማለት አይደለም። ነገደ ወይጦ አቢናስ ስለሚባል የዐባይ ውሃ ጌታ በጥንት እምነታቸው ይተርኩ ነበር፤ መሥዋዕትም ያቀርቡለት ነበር። በወንጌልም ሐዋርያት በሌሊት በታንኳ ሳሉ ጌታን በባሕሩ ላይ ሲሄድ አይተው ምትሐት መስሏቸው ጮኹ። በማዕበል መካከል በጭነት ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያይ መገመት አያስቸግርም።

በክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ባሕሩና እርሻው አይለዩም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የተባለው አረም ተነሥቶ ታንኳና መረብ መያዝ ጀምሯል። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታም ቀዛፊዎቹ በማለዳ መነሣትን ይመርጣሉ።